ዳቦና መድኃኒት በመርካቶ

መርካቶና አማኑኤል ሆስፒታል የአንድ ዘመን እኩዮች ናቸው። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረውና ያገሬው ሰው የሚገበያይበት ብሎ ከለለው። ሆስፒታሉም በዚያው በወረራው ዘመን፣ ከገበያው ብዙም ሳይርቅ ተሠራ። ከነጻነት በኋላ ለረጅም ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ ለአእምሮ ሕሙማን የቆመ ብቸኛ ሆስፒታል እሱ ነበር። ከጎንደርም ይምጣ ከሐረር፣ ከጅማም ይምጣ ከወሎ፣ ቤተሰቡ ይዞት የተነሣ ሕመምተኛ አውቶቡስ ተራ ወርዶ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር በኩል የሚወሰደው ወደዚያው ግቢ ነው።

ስለዚህ መርካቶ በርበሬና አቡጀዲ ብቻ አልነበረም የሚያስተናግደው። አገሪቱ የት እንደምታደርጋቸው ያላወቀቻቸው ሰዎች መተላለፊያም ነበር። ገሚሱ ታክሞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ገሚሱ የያዘው ስንቅ ያልቅበታል፣ ያመጣው ዘመድም ተስፋ ይቆርጥና ትቶት ይሄዳል። እንዲህ ያለው ከሱቆቹ በረንዳ ሥር ይቀራል።

እኔ ያደግሁት በደርግ ዘመን እዚያው አዲስ ከተማ ነው። አባቴ ሸማ ተራ ይሠራ ስለነበር ከትምህርት ቤት መልስ ውሎዬ ከነጋዴዎቹ መካከል ነበር። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ተራ የራሱ ሕመምተኛ ነበረው። እኛ ጋ የነበረውን «ኢንጂነሩ» እንለዋለን። ጠዋት ጠዋት ሲባጎ ይዞ ከሱቅ እስከ ሱቅ መንገዱን ይለካል፤ የለካውን በከሰል ግድግዳ ላይ ይጽፋል፤ ሲመሽ ያጠፋዋል። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነው የሚሉ ነበሩ። ብዙ ማንበብ አናቱን አዞረው የሚሉም ነበሩ። ዘመዱን አይቻለሁ የሚል ግን አንድም ሰው አልገጠመኝም።

ዘመድ ባይኖረውም ርቦት አያውቅም። በርበሬ ተራ ያሉት እናቶች ከምሳቸው ያስቀሩለት ነበር። አንዲት ጉልት ነጋዴ ቡና ሲፈላ «ኑ ቡና ጠጡ» ብላ ጎረቤቱን ስትጠራ እሱንም ትጠራዋለች፤ ስኒውን በሁለት እጁ ተቀብሎ አቦሉን ጠጥቶ ይነሣል። ለበዓል ከጣቃ የተረፈ ጨርቅ ተሰፍቶ ይሰጠዋል። ዓርብ ከአንዋር መስጊድ የሚወጡት ነጋዴዎች ኪሱ ውስጥ ሳንቲም ይከቱለታል፤ በረመዳን ማፍጠሪያው የሚደርሰው እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ነው። ወር በገባ በአንደኛው ቀን ደግሞ የራጉኤል ዝክር ጠበል ጸዲቅ አይቀርበትም። ክርስቲያኑም እስላሙም ይቀልበዋል። ይህን የሚያስተባብር ማኅበር አልነበረም፤ ማን ምን እንደሰጠም አይመዘገብም።

ዘመኑ ግን ርኅራኄ ብቻ አልነበረበትም። ከጫፍ ያሉ ጎረምሶች ሲባጎውን እየቀሙ ያስለቅሱት ነበር። ቀን አብልቶት ማታ ከደጁ የሚያባርረው ዘበኛም ነበር። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አሁን ድረስ ያስገርመኛል። ኢንጂነሩ ከሚተኛበት በረንዳ እስከ አማኑኤል ሆስፒታል በእግር የሚደረስ መንገድ ነው። ከዚያ ሁሉ ከሚያጎርሰው፣ ከሚያለብሰውና ከሚወደው ሰው መካከል አንዱ እንኳ እጁን ይዞ «ና እስቲ ሐኪም ይይህ» ያለው የለም። ሕመም መሆኑ አልታየንማ! ልክፍት ነው፣ መተት ነው፣ ዛር ነው፣ የእግዜር ሥራ ነው ይባል ነበር። ለእግዜር ሥራ ዳቦና ቡና እንጂ ሐኪም አይታሰብም።

የሆስፒታሉ ስም ራሱ የሚያስፈራ ነበር። ልጆች ሲጣሉ «አማኑኤል ግባ» መባባል ከስድብ ሁሉ የከፋው ነው። የአንድ ጎረቤታችን የበኩር ልጅ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ ብቻውን ማውራት ጀመረ። ትምህርቱን ተወ፤ እንቅልፍ ከዓይኑ ጠፋ፤ ምግብ ሲቀርብለት መርዝ አለበት እያለ ይመልሳል። እናቴ የልጁን እናት ጓዳ ጠርታ ያነጋገረቻቸውን አልረሳውም።

«እትዬ፣ ልጁን ለሐኪም ብናሳየው ምናለበት? እዚሁ ቅርብ አይደለም እንዴ?»

«ምነው አንቺ! እዚያ ግቢ ሲገባ ከታየ ማን ይድርለታል? የእህቶቹስ ዕጣ ምን ይሆናል?»

ሸንኮራ ዮሐንስ ወሰዱት። ጠበሉን ተጠመቀ፤ ከሰው ጋር ከረመና ተረጋግቶ ተመለሰ። ሁሉም ደስ አለው። ከወራት በኋላ ሕመሙ ተመለሰበት። እንዲህ እያለ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው ታናሽ እህቱ ማንንም ሳታማክር በማለዳ አስነሥታ አማኑኤል የወሰደችው። በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ ተጀመረለት። በሦስተኛው ወር ከአባቱ ሱቅ ገብቶ ጣቃ ሲቆርጥ አየነው። ሰፈሩ ተአምር አለ። ተአምር የተባለው መድኃኒት ከብዙ ዘመን በፊት የተገኘና በኛው ሰፈር ግቢ ውስጥ የነበረ ነው።

በዚያው ዘመን ዓለም ዝነኞቹን ለበጎ ሥራ በሰፊው ማሰለፍ እየተማረ ነበር፤ ብዙውን የተማረውም በኛ ረሃብ ነው። በ1977ቱ ድርቅ የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሰባስበው ዘፈን አወጡ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1985 ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ የተካሄደው ላይቭ ኤይድ ዓለምን በቴሌቪዥን ፊት አስቀመጠ። በዚያው ዓመት በፈረንጆቹ ገና ዕለት ኮሚክ ሪሊፍ የተባለው የኮሜዲያኖች በጎ አድራጎት ሱዳን ካለ የስደተኞች መጠለያ በተላለፈ ሥርጭት ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ ኮሜዲያኑ ሌኒ ሄንሪ ነው፤ ያነሣሣቸውም የኢትዮጵያ ረሃብ ነበር። የኛም ከያንያን በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለውን የኪነት ጉዞ ይዘው እጁን የዘረጋልንን ዓለም ሊያመሰግኑ ብዙ አገር ዞሩ። ከያኒ ለወገኑ መቆሙ ለኛ አዲስ ነገር አልነበረም። አገር ፍቅር ቴአትር እንኳ በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ሕዝቡን ለመጪው ጦርነት ለማነሣሣት የቆመ ማኅበር ነበር።

የተራበ ሆድ ያስለቅሳል፤ ካሜራም ያየዋል። ኋላም ለልብ ሕሙማን ሕፃናት፣ ለኩላሊት ሕመምተኞች፣ አልጋ ላይ ለዋሉ አንጋፋ ከያንያን ኮንሰርት ሲዘጋጅ አይተናል። የታመመ አእምሮ ግን ለረጅም ዘመን በዚህ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ይልቁንም በመድረክና በካሴት ጭቃ የተቀባ፣ ጣሳ ያንጠለጠለ፣ ቡትቶ የለበሰ «እብድ» ሲመጣ አዳራሹ በሳቅ ይፈርስ ነበር። በእርግጥ ሳንሱር በከበደበት ዘመን ደራሲዎች እውነቱን በእብድ አፍ አናግረዋል፤ ይህ ትልቅ ብልሃት ነበር። ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ ግን ይዞ የሚሄደው ሳቁን ነው። ከቴአትሩ ደጅ የተኛው እውነተኛው ሕመምተኛ የሚያተርፈውም ያንኑ ሳቅ ነበር።

ለውጡን ያመጡት በመጀመሪያ ዝነኞች አልነበሩም። ነጭ ገዋን የለበሱ፣ ስማቸውን ብዙ ሰው የማያውቀው ነርሶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም ጤና ድርጅት እገዛ አማኑኤል ሆስፒታል ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ። ሠልጥነው የወጡት በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመደቡ። የጎንደሩ ሕመምተኛ ለአንድ መርፌ አውቶቡስ ተራ ድረስ መምጣቱ ቀስ በቀስ መቅረት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ግን ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላም ከደርዘን አይበልጡም ነበር፤ ሕዝቡ ደግሞ 70 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ተባብሮ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ አገር ማሠልጠን ጀመረ።

ከዚያ ቀደም ብሎም የኛው ተመራማሪዎች ቡታጅራ ወርደው ነበር። ቤት ለቤት ዞረው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 68,378 ሰዎችን ጠየቁ። ከዚያ መካከል ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያገኙባቸውን 919 ሰዎች ለዐሥር ዓመት ተከታተሉ። በዐሥሩ ዓመት 121ዱ ሞቱ። የሞቱት ሌላው ሰው ከሚኖረው ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው ነው። የግማሾቹ ምክንያት ተላላፊ በሽታ ነበር፤ ሌላው ሰው ታክሞ የሚድንበት ዓይነት ማለት ነው።

ይህን ሳነብ የጎረቤታችን ልጅ ትዝ አለኝ። እሱንም የገደለው የአእምሮው ሕመም አልነበረም። አርባ ዓመት ሳይሞላው ማሳል ጀመረ፤ ከሳ፤ ላብ ያጠምቀው ነበር። አንድ ጤና ጣቢያ ቢወስዱት ካርዱን ያየው ሰው ሳሉን ትቶ «ይሄ የአማኑኤል ነው» ብሎ መለሰው። የሳንባ ነቀርሳ መሆኑ የታወቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። የቀብሩ ዕለት ዕድሩ ድንኳኑን ተከለ፣ ወንበሩን ደረደረ፣ ንፍሮው ተቀቀለ። በሕይወት ሳለ ለአንድ የታክሲ ሳንቲም እህቱ ስትለምን የኖረችለት ሰው፣ ሲሞት ለሦስት ቀን ሙሉ ሰፈር ተቀመጠለት።

ሌላም የቡታጅራ ጥናት አለ፤ እኔን በይበልጥ የነካኝ እሱ ነው። ሕመምተኞች ለምን መድኃኒት እንደሚያቋርጡ ሲጠየቁ ከመለሱት አንዱ ረሃብ ነው። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፤ ቤት ውስጥ የሚበላ ከሌለ ደግሞ መድኃኒቱ ሥቃይ ይሆናል። ስለዚህ ይተዉታል፤ ሕመሙም ይመለሳል። የመርካቶን ያለፈ ታሪክ በዚህ መነጽር ሳየው ሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሹን ይዞ እንደነበር ይገባኛል። በረንዳው ላይ ዳቦ ነበረ፣ መድኃኒት አልነበረም። ከሆስፒታሉ በር የሚወጣው ሰው ኪሱ ውስጥ መድኃኒት ነበረ፣ የሚበላው ዳቦና የሚገባበት ቤት አልነበረውም። በመካከሉ ያለውን የጥቂት ደቂቃ መንገድ ያገናኘ ማንም አልነበረም።

ዝነኛ ሰው ስሙንና ፊቱን አውጥቶ ይህን እፍረት ሲጋፈጥ መጀመሪያ ያየሁት በወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነው። በውበት ሙያ አገር ያወቃት ሴት ነበረች፤ ከአሜሪካ ተመልሳ የውበት ማሠልጠኛ ከፍታ ብዙ ወጣቶችን ለእንጀራ አብቅታለች። እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረተችና በሥሩ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፈተች፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ የእድገት እክል ነው፤ ከአእምሮ ሕመም ይለያል። እፍረቱ ግን አንድ ነበር፤ ልጁ ጓዳ ይዘጋበታል፣ እናቲቱ በኃጢአቷ ነው ይባላል። ዘሚ በአደባባይ ቆማ «የኔም ልጅ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ስንት እናት ልጇን ከጓዳ እንዳወጣች የሚያውቁት እናቶቹ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ስታርፍ አገር ያለቀሰላት ለዚህ ነው። ዝናዋን የለገሰችው የራሷን ሕይወት ጭምር ገልጣ ነበርና።

መቄዶንያ የመጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ሕግ ያጠናው ቢኒያም በለጠ ጎዳና የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን እያነሣ ቤት ውስጥ ማስጠጋት ጀመረ። የጀመረው በጥቂት ሰዎች ነው። ዛሬ አያት አካባቢ ያለው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከቅርንጫፎቹ ጋር በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያስተዳድራል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መፈክራቸውን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሠርጉን እዚያ የሚያደርግ ሙሽራ፣ ልደቱን እዚያ የሚያከብር ዘፋኝ፣ የተስካሩን ድግስ እዚያ የሚወስድ ቤተሰብ እየበዛ መጣ። የእኔ ትውልድ ልጅ ሳለ ይህን ቢነግሩት አያምንም ነበር። «እብድ» ከተባለ ሰው ጋር ማዕድ መቁረስ ለሙሽራ ገድ የለሽ ነው ሲባል ሰምተን ያደግን ነን።

ከዚያ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ኮሜዲያን እሸቱ መለሰ በዶንኪ ቲዩብ ቻናሉ ለመቄዶንያ ሕንፃ ማስጨረሻ የቀጥታ ሥርጭት ከፈተ። ሌሊትና ቀን ሳይል ቀጠለ። ከያኒው፣ ነጋዴው፣ ባለ ሥልጣኑ፣ ተማሪው፣ በውጭ የሚኖረው ወገን ሁሉ እየደወለና እየላከ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ተሰበሰበ። በእኛ አገር ለአእምሮ ሕሙማን እንዲህ ያለ ገንዘብ ከሕዝብ ኪስ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። አንድ ኮሜዲያን፣ የሙያ ቀደሞቹ «እብድ» ብለው አዳራሽ ያሳቁበትን ሰው፣ አልጋና ጣሪያ እንዲኖረው አገር ቀሰቀሰለት። ይህ ብቻውን የአንድ ትውልድ ርቀት ነው። ሊመሰገን ይገባዋል፤ ከልቤም አመሰግነዋለሁ።

በዚያ ሰሞን መርካቶ ነበርኩ። ሱቆቹ ውስጥ ስልኩ ከሒሳብ ማሽኑ አጠገብ ተደግፎ ሥርጭቱ ይታያል። ሻጩ ልጅ ከደንበኛ ደንበኛ መሐል ሃምሳ ብር፣ መቶ ብር በቴሌብር ይልካል። ባለቤቱ «የሱቃችን ስም ይጠራ» ብሎ በዛ ያለ ላከ፤ ስሙ ሲጠራ ሁሉም አጨበጨበ። ደስ የሚል ነገር ነበር። እዚያው ሱቅ ደጅ፣ ከብረት መዝጊያው ሥር አንድ ጎልማሳ ተኝቶ ነበር። እግሩ ባዶ ነው፤ ከራሱ ጋር በቀስታ ያወራል። ጥበቃው በዱላው ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ አስነሣው፤ «ደንበኛ ይገባል፣ ወዲያ በል» አለው። ሰውየው ተነሥቶ ወደ ቦምብ ተራ አቅጣጫ ሄደ። ስሙን ብጠይቅ የሚያውቅ አልነበረም። ቅጽል ስም እንኳ አልነበረውም።

ድሮ የነበረንንና ዛሬ ያጣነውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የኔ ዘመን መርካቶ በሽታውን አያውቅም ነበር፣ በሽተኛውን ግን ያውቃል። የዛሬው መርካቶ በሽታውን አውቋል። ድብርት፣ ስኪዞፍሬኒያ፣ ባይፖላር የሚሉትን ቃላት ከስልኩ ሰምቶ ይናገራቸዋል። በሽተኛውን ግን ሌላ ሰው መጥቶ እንዲወስድለት ይጠብቃል። ሰጪው በዝቷል፤ ጠያቂው አንሷል። በረንዳው በሕንፃ ተተክቷል፤ ጉልቱ ተነሥቷል፤ ቡና የምትጠራዋ ሴት የለችም። ይህ የማንም ክፋት አይደለም። ከተማ ሲያድግ የሚያስረሳው ነገር አለ።

አንድ ሌላ ነገርም ልበል፤ በፍቅር የምለው ነው። በየስልኩ የጎዳና ሕሙማን ሲነሡ፣ ፀጉራቸው ሲላጭ፣ ገላቸው ሲታጠብ የሚያሳይ ምስል እናያለን። የሚያነሡት ሰዎች ልባቸው ቅን ነው፤ ምስሉም ገንዘብ ያመጣል። ነገር ግን ያ ሰው ሲታመም ፈቃዱን አልጠየቅነውም። ሲድንስ? ሥራ ሊፈልግ ሲሄድ፣ ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ፣ ያ ምስል ቀድሞት ደርሶ ይጠብቀዋል። የጎረቤታችን እናት «ከታየ ማን ይድርለታል» ብለው የፈሩት አንድ ሰፈር እንዳያየው ነበር። ዛሬ የሚያየው አገር ነው። የሕመምተኛን ፊት መሸፈን ርዳታውን አያሳንሰውም።

ኮሚክ ሪሊፍን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በኛ ረሃብ የተወለደው ያ የኮሜዲያኖች ድርጅት ኋላ ገንዘቡን ካዋለባቸው ሥራዎች አንዱ በእንግሊዝ የአእምሮ ሕሙማንን መገለል የሚዋጋ ዘመቻ ነበር። ከ2007 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. የቆየው ይህ ዘመቻ ሕንፃ አልሠራም። ሰዎች፣ ዝነኞችም ጭምር፣ «እኔም ታምሜ ነበር» እንዲሉ አደረገ። የኛ ዝነኞች እስካሁን መድረክ ላይ የሚቆሙት በብዛት እንደ ሰጪ ነው። በድብርት አልጋ ላይ የከረመ ዘፋኝ፣ ታክሞ የዳነ ተዋናይ፣ መድኃኒቱን እየወሰደ ሥራውን የሚሠራ ደራሲ በመካከላችን አለ። በልቡ ያለውን ቢናገር የሚያድነው ሰው፣ ከሚሰጠው ብር ይበልጣል። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነው፤ ቶሎ የታከመ ደግሞ የመሻል ዕድሉ ይሰፋል። ያ ወጣት ሐኪሙን ከመስማቱ በፊት ዘፋኙን ይሰማል።

እፍረቱ ጎዳና የወደቀውን ሰው ብቻ አይደለም የሚይዘው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል አባቴ የሠራበት አካባቢ ነበርና ልቤ አብሮ ነደደ። የተቃጠለው ሱቅና ጨርቅ ተቆጠረ። ያን ሌሊት የዕድሜ ልክ ጥሪታቸው ሲነድ ቆመው ያዩ ሰዎች እንቅልፍ ግን አልተቆጠረም። ከዚያ በኋላ ያገኘኋቸው አንድ ነጋዴ «ጋሼ፣ ዕቃው ይተካል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ጭስ ይሸተኛል» አሉኝ። ሐኪም አይተው እንደሆነ ስጠይቃቸው ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «እኔ እኮ እብድ አይደለሁም» አሉኝ። ስንት ዓመት ቆይተን፣ ስንት ገንዘብ ሰብስበን፣ እዚህች ቃል ላይ አሁንም ቆመናል።

ዛሬ እርዳታው ከድሮው በእጅጉ ይሻላል። መቄዶንያ አልጋ ይሰጣል፤ አማኑኤል ያክማል፤ በየካ ኮተቤ ሆስፒታልም ሕክምናው አለ፤ ብዙ ጤና ጣቢያዎችም በሠለጠኑ ባለሙያዎች የአእምሮ ሕመምን እያዩ ነው። ጠበሉንም ማንም አልከለከለም፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መጠመቅ ይቻላል። የጎደለው በመካከል ያለው ሰው ነው። ሕመምተኛውን በስሙ ጠርቶ ሐኪም ቤት የሚያደርስ፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ የሚያስታውስ፣ መድኃኒቱን የሚውጥበት ምሳ የሚያበላ፣ ሲሻለው ደግሞ ሥራ የሚሰጥ ሰው። ያንን ኮሜዲያንም፣ ዘፋኝም፣ ሯጭም ከስቱዲዮ ሆኖ ሊያደርግልን አይችልም።

መርካቶ ይህን የሚያደርግበት ማኅበር አለው፤ ስሙ ዕድር ይባላል። ዕድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሦስት ቀን ጊዜ አያጣም። ከዚያ ላይ ጥቂት ቀንሶ በሕይወት ላለ ሕመምተኛ የትራንስፖርትና የመድኃኒት ገንዘብ ቢመድብ፣ ሁለት አባላትን በፈረቃ አስታማሚ ቢያደርግ፣ ያን የጎረቤታችንን ልጅ የመሰለ ሰው በአርባ ዓመቱ አይቀበርም። ለመቄዶንያ የምትልኩትን አታቋርጡ፤ ጨምሩበት። በሚቀጥለው የዕድራችሁ ስብሰባ ላይ ግን ይህን ጉዳይ አጀንዳ አስይዙ። ወደ ቤት ስትመለሱም ከሱቃችሁ ደጅ የተኛውን ሰው ስሙን ጠይቁት።